ቃላድ፣ ደረሰኝ፣ ዐዋጅ፦ የጎጃም ሃያኛው ምዕተ ዓመት በአንባቢያን ጥያቄ

በዚህ እትም ከደረሱን የታሪክ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ዞሮ ዞሮ መሬት ላይ ያርፋሉ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ የኢትዮጵያ ነው። የፈረንጁን ስንጠቅስ «እ.ኤ.አ.» ብለናል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ የ1960ው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ የየካቲት 66 አብዮት መቅድም ነበር ሲባል እሰማለሁ። ሌሎች ደግሞ ለውጥ የጠሉ ባላባቶች ያስነሡት ሁከት ነው ይላሉ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም አባባሎች ገበሬውን ያላለውን ያስብሉታል። ከዐዋጁ እንነሣ።

በኅዳር 1960 የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 255 አስራትን (ከምርት አንድ አሥረኛው የሚከፈለውን ግብር) አስቀርቶ በቦታው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን ተካ። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚነቀፍ ሐሳብ አልነበረም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይክፈል ነው የሚለው። ነገር ግን ገቢን ለማወቅ ምርቱን መገመት ያስፈልጋል። ምርቱን ለመገመት ማሳውን ማየት፣ ማሳውን ካዩ ደግሞ ባለቤቱን ጠይቆ መመዝገብ ይመጣል። ገማቾች ወደ ገጠር መውጣት ሲጀምሩ የጎጃም ገበሬ የታየው የገቢ ግብር ሳይሆን ቃላድ፣ ማለትም መሬት በገመድ መለካት፣ ነው። መንግሥት መሬት አይለካም ቢልም ሰሚ አላገኘም።

ቃላድ ለምን ይህን ያህል አስፈራ? አንደኛው ምክንያት በደቡብ የሆነው ነው። እዚያ መሬት በገመድ ሲለካ ትርፍ የተባለው ለመንግሥት ገብቶ ለሹማምንትና ለወታደር ተሰጥቷል፤ ቀድሞ ያርሰው የነበረውም ሰው ብዙ ቦታ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ወሬ ወደ ጎጃም ሳይደርስ የሚቀር አልነበረም።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ርስት ራሱ የሚሠራበት መንገድ ነው። በጎጃም ርስት ለአንድ ሰው ስም የተቆረጠ ማሳ አይደለም። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ዋና አባት አለ። መሬቱ በልጆቹ ቁጥር ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፋይ በምንዝር አባት ይጠራል፤ ዘሩን ወክሎ የሚሟገትና የሚያካፍል ፈጅ ይኖረዋል። ድርሻ ሲወጣ ዕጣ ይጣላል። በአባትም በእናትም በኩል መቁጠር ስለሚቻል አንድ ሰው ከብዙ ዋና አባቶች ርስት የመጠየቅ መብት ይኖረዋል፤ በእጁ ያለው ግን ጉልበቱ፣ ጊዜውና ተሰሚነቱ ያስገኙለት ጥቂቱ ብቻ ነው። ያልተጠየቀው አይሞትም። ዛሬ ያላገኘ ነገ ልጁ ቆጥሮ ይጠይቃል። ማሳው ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ ግን ይህ ሁሉ በር ይዘጋል። ስለዚህ ቃላድን የፈራው ሰፊ መሬት የያዘው ብቻ አይደለም። በእጁ ሦስት ጥማድ ብቻ ያለው፣ ነገር ግን ከአምስት አባት የሚቆጥር ድኻም እኩል ፈርቷል። «የባላባት ሁከት» የሚለው አባባል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ፍርሃቱ በ1960 የተፈጠረም አይደለም። ከጣሊያን በኋላ በ1934 የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ በጋሻ ለለም 15፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ብር ሲጥል ጎጃም አልቀበል አለ፤ ብጥብጡ ለዓመታት ቀጠለ። በኅዳር 1937 በወጣው ዐዋጅ አስራት በገንዘብ ተተምኖ በመሬት ግብሩ ላይ ሲደረብ፣ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ግን በ1927 ተመን እንዲከፍሉ ተደረገ። ይህ ልዩ አያያዝ በቸርነት የተሰጠ አልነበረም፤ በእንቢታ የተገኘ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ መሬት የመለካት ነገር እንደገና ሲነሣም ተቃውሞው ተመልሷል።

በ1960 በዚህ ላይ የአገረ ገዥው የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ተጨመረ። ስለ መዋጮና ስለ ጉቦ፣ ስለ ጠመንጃ ምዝገባም ብሶት ሞልቶ ነበር። አመፁ በተለይ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት በኩል ጠነከረ። መንግሥት ጦር ላከ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ወደ ከፋ ተዛውረው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፤ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ሥር ሳይሰድ ቀረ።

አመፀኞቹ የጠየቁትን ልብ ይበሉ፦ ገዥው ይነሣልን፣ ግብሩ ይቅርልን፣ መሬታችን አይነካ። አቤቱታቸውን የላኩት ለንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ ዙፋኑ ይውረድ አላሉም። «መሬት ላራሹ» ብለው የካቲት 1957 አዲስ አበባ ላይ ከወጡት ተማሪዎች ጋር የሚያገናኛቸው ክርም አናይም። ለአብዮቱ የተረፈው ነገር ሌላ ነው። ዘውዱ በጦር መሣሪያ ጭምር ሞክሮ አንድን ግብር ማስከፈል እንዳልቻለ አገር ሁሉ አየ። ይህ ድካም የ1966ቱን አብዮት ካመጡት ምክንያቶች አንዱ ሊባል ይችላል፤ መቅድም ግን አይደለም።

ጥያቄ (ከቢቸና፣ መምህር)፦ ከአያቴ የተረፉ የግብር ደረሰኞች አሉኝ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፎ ደብዝዟል። አንዳንዱ ላይ ገንዘቡ ማርትሬዛ፣ ሌላው ላይ ብር ይላል። እንዴት ላንብባቸው?

መልስ፦ ከማንበብዎ በፊት ፎቶ ያንሧቸው። በጎን በኩል በሚገባ የመስኮት ብርሃን ያንሡ፤ ፍላሽ ደብዛዛ ቀለምን ጨርሶ ያጠፋዋል። የፊቱንም የጀርባውንም ያንሡ፤ ጀርባ ላይ የተጻፈ የምስክር ስም ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይበልጣል። በፕላስተር አይጠግኑ፣ ላሚኔት አያስደርጉ፤ ሙጫውና ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳሉ፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። በንጹሕ ወረቀት ፖስታ ለየብቻ አድርገው ጭስና እርጥበት በሌለበት ያስቀምጡ።

ወደ ዓመቱ እንምጣ። በእጅ ጽሑፍ የሚያሳስቱት ፮ እና ፯ ናቸው። ፲፱፻፴፮ ይሁን ፲፱፻፴፯ መለየት ካቃተዎ ወንጌላዊው ተጽፎ እንደሆነ ይፈልጉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። 1936 ሲደመር 7436 ይሆናል፤ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዮሐንስ ነው። 1937 ደግሞ 1 ይተርፋል፤ ማቴዎስ ነው። ደረሰኙ «ዘመነ ማቴዎስ» ካለ የደበዘዘው ፯ ነው ማለት ነው። ለርስዎ ይህ አንድ ዓመት ትልቅ ልዩነት አለው፤ በላይኛው መልስ የጠቀስነው የአስራት ለውጥ የመጣው በ1937 ነውና።

ገንዘቡም ዓመት ይናገራል። ከነጻነት በኋላ እስከ 1937 ድረስ ማርትሬዛ (የማሪያ ቴሬዛ ብር) እና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አብረው ይሠሩ ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ወረቀት ብርና ሳንቲም የወጣው ሐምሌ 1937 ነው። ሳንቲም የተጻፈበት የመንግሥት ደረሰኝ ከዚያ በፊት ነው ከተባለ ደግመው ይመርምሩት። ግን ማርትሬዛ ተጽፎ ስላዩ ብቻ ወረቀቱን ወደ ኋላ አይግፉት፤ ገበያው ከሕጉ በኋላም ማርትሬዛን ቶሎ አልተወውም፤ የግል ውሎች ላይ ዘግይቶም ይገኛል።

ከዚያ የግብሩን ዓይነት ይዩ። የትምህርት ግብር ለብቻው ከተጻፈ ከ1940 ወዲህ ነው፤ የጤና ግብር ካለ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። አስራት ደግሞ በዐዋጅ የቀረው በ1960 ነው።

ስፋትን በተመለከተ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ተብሎ ይታሰባል። ጥማድ በዛሬ ቢሮዎች አራቱ አንድ ሄክታር ነው። በድሮ ወረቀት ላይ ያለውን ጥማድ ግን በዚህ አያባዙ፤ ጥማድ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ በጥቁር መረሬና በተዳፋት ቀይ አፈር ላይ እኩል አይወጣም።

ቀኑን ወደ እ.ኤ.አ. ሲቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደምሩ። በሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ቀጣዩ የዮሐንስ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ በሌሎቹ ዓመታት 11 ነው። ይህ የአንድ ቀን መዛነፍ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቆያል። ከ1892 በፊት ላሉ ቀኖች ደግሞ አንድ ቀን ይቀንሱ፤ የዓድዋ ድል ዕለት የካቲት 23፣ 1888 በፈረንጁ ማርች 1 የሆነው ለዚህ ነው፤ ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። ትልቁ ስሕተት ግን «1960» የሚለውን ቁጥር ሳያጣሩ ከውጭ መጽሐፍ መቅዳት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1960 የሆነው የነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው፤ በኛ ታኅሣሥ 1953። የጎጃም አመፅ ግን በኛ 1960፣ በእ.ኤ.አ. 1968 ነው። ሁለቱን ያቀላቀሉ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በላይ ዘለቀ የተሰቀለው በግብር ጉዳይ ነው?

መልስ፦ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ከማሞ ኃይሉ ጋር የተሰቀለው በዐመፅ ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ከእስር አምልጦ እንደገና ከተያዘ በኋላ ነው። ዘመኑ ጎጃም በግብር የታመሰበት ስለሆነ ሁለቱ በአንድ አየር ውስጥ ናቸው። ቢሆንም የአርበኞች ሹመት ጥያቄና ባንዳ የነበሩ ሰዎች መልሰው መሾማቸው ያመጣው ቁጭት በጉዳዩ ውስጥ ከግብሩ ይልቅ ይጎላል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ «መሬት ላራሹ» ካለ፣ ጎጃም ደግሞ ሁሉም በገዛ ርስቱ የሚያርስ ከነበረ፣ ገበሬው ምን አስከፋው? ጎጃምስ በእውነት ፊውዳል ነበር?

መልስ፦ «ሁሉም በርስቱ ያርስ ነበር» የሚለውን መጀመሪያ እናርመው። ጭሰኝነት በጎጃም ከደቡቡ በጣም ያነሰ ነው፤ ግን ነበረ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በብዙ ቦታም እስላሙ ርስት አልነበራቸውም፤ የሚያርሱት በጭሰኝነት ወይም በእኩል ነው። በታላላቅ ገዳማትና አድባራት ዙሪያ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መሬት ሰፊ ነበር። ለነዚህ ሰዎች የካቲት 25፣ 1967 ከማንኛውም የዘመኑ ንግግር በላይ የሆነ ቀን ነው። ስለ ርስት ውበት ብቻ የሚጻፉ ጽሑፎች እነሱን ሲያልፏቸው ያሳዝነናል።

ዐዋጁ ራሱም ጎጃምን ከደቡቡ ለይቶ ነው ያየው። ለደቡቡ ይዞታ በቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኖ፣ በ800 ሄክታር ገደማ የሚቋቋም የገበሬ ማኅበር መሬት እንዲያከፋፍል አዘዘ። ስለ ርስትና ስለ ደሳ (መሬት የመንደር የጋራ ስለሆነበት) አካባቢ ግን የተለየ ምዕራፍ አለው፦ ገበሬው በዚያን ሰዓት የሚያርሰውን ይዞ ይቀጥላል። ሲነበብ የሚያረጋጋ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ በዘር ቆጥሮ መጠየቅ ቀረ። ቀደም ብለን ያልነው የርስት በር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተዘጋ። በዚያች ዕለት ብዙ ማሳ በእጁ የነበረ ተጠቀመ፤ ገና ሊጠይቅ የተዘጋጀ ወጣት፣ ወደ ሌላ አገር ሄዶ የቆየ፣ በባሏ አገር የምትኖር ሴት፣ ድርሻቸው ሳይታይ ቀረ። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየትም ተከለከለ። የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ታኅሣሥ 1967 ዘመቻው ተከፍቶ ወደ ገጠር ሲወጡ የያዙት ሐሳብ በባለመሬትና በጭሰኛ ጠብ ላይ የተገነባ ነበር። አንድ ቤተሰብ ውስጥ አጎት ለወንድሙ ልጅ ርስት በሚከለክልበት አገር የመደብ ጠላትን መፈለግ ቤተ ዘመድን ማባላት ነው የሆነው።

ጎጃም ፊውዳል ነበር ወይ ላሉት፣ ጉልትና ርስትን ለያይተው ይመልከቱ። ጉልት ግብር የመብላት መብት ነው፤ ከላይ ተሾሞ የሚበላ ጌታ አለበት፤ ለዚህ ፊውዳል የሚለው ስያሜ ብዙም አይርቀውም። ርስት ግን የሚያርሰው ዘር የጋራ ይዞታ ነው፤ ጉልተኛው አይነቅለውም። የተማሪው ትውልድ ስሕተት፣ እንደኛ አስተያየት፣ ቃሉን መዋሱ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማንበቡ ነው። ያ ትውልድ ለፍትሕ የከፈለውን ዋጋ እናከብራለን። ግን የወሎንና የሲዳሞን፣ የጎጃምንና የአርሲን መሬት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊፈታ መነሣቱ በኋላ ለመጣው ሁሉ መንገድ ጠርጓል።

ጥያቄ (ከቡሬ፣ የታሪክ ክበብ አባላት)፦ በደርግ ዘመን አምራች ማኅበር ውስጥ የነበሩ ሽማግሌዎችን ልንቀርጽ ነው። ምን እንጠይቅ? ምን እንዳይበላሽብን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ከመጀመሪያው «ሶሻሊዝም እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ከሬዲዮ የተሰማ ይሆናል። በሬው የት ያድር እንደነበር ጠይቁ።

ይህ ቀልድ አይደለም። አምራች ማኅበራት በደረጃ የተከፈሉ ነበሩ። በመልባ መሬቱ ይዋሃዳል፤ ለግል እስከ 2000 ካሬ ሜትር ይቀራል፤ በሬና ሞፈር ቀንበር ግን በባለቤቱ እጅ ሊቆይ ይችላል። በወልባ በሬውም ዕቃውም ለማኅበሩ ይገባል፣ የግል ቦታውም ወደ 1000 ካሬ ሜትር ያንሳል። ወለንድ የወልባዎች ስብስብ ነው። ሽማግሌው «በሬዬ እኔው ደጅ ነው የሚያድር» ካሉ ማኅበራቸው መልባ ነበር፤ የበሬ መጠጊያ የጋራ በረት ከሆነ ወልባ ደርሷል። ደረጃውን በስሙ ቢጠይቋቸው ብዙዎቹ ያቀላቅሉታል፤ በሬያቸውን ግን አይረሱም። ቀጥላችሁ በሬው ሲታመም ማን ያስታምም እንደነበር፣ ሲሞት ማን እንደከሰረ ጠይቁ። ማኅበሩ ለምን እንደደከመ የሚነግራችሁ እዚህ ነው፤ ክፍያው በሥራ ነጥብ ስለነበር በሬን አብልቶ ማሳደር ነጥብ የማያስገኝ ድካም ሆኖ ነበር።

ከዚያ ስለ ማሳው፦ የማኅበሩ መሬት አንድ ላይ እንዲገጥም ለምለሙ ከግለሰቦች ተወስዶ ምትክ የተሰጣቸው የት ነበር? ስለ ኮታ፦ ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ስንት ኩንታል፣ በማን ሚዛን፣ የት ወስደው አስረከቡ? ያመረቱት ካልበቃ ከገበያ ገዝተው የሞሉበት ዓመት አለ ወይ? ጎጃም የኮርፖሬሽኑ ዋና እህል ሰጪ ከነበሩት አንዱ ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይለፋችሁ።

ዓመት በቁጥር አትጠይቁ፤ በክስተት አስሩት። የብር ኖት የተለወጠው ጥቅምት 1969፣ የሕዝብ ቆጠራው ግንቦት 1976፣ መንደር ምሥረታው በጎጃም የተፋፋመው በ1970ዎቹ ማብቂያ ነው። የካቲት 26፣ 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀና ማኅበራቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። «ማኅበሩ ሲፈርስ በሬው እንዴት ተከፋፈለ?» ብላችሁ ጨርሱ፤ ብዙ ቦታ ጠቡ እዚያ ነው የተነሣው።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹን በአንድ ላይ ካስቀመጣችኋቸው ሁሉም የመጀመሪያውን ተናጋሪ ይደግማሉ፤ ለየብቻ ቅረጹ። የቀበሌ ሰው አብሮ አይቀመጥ። ሴቶቹን ባል በሌለበት፣ በሴት ጠያቂ አነጋግሩ፤ የአባልነት ስም በባል ስለነበረ ባሏ የሞተባት ሴት ታሪክ በወንዶቹ ቃል ውስጥ አይገኝም። ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። ከመጀመራችሁ በፊት ቀኑን፣ ቦታውንና ፈቃዳቸውን በድምፅ አስቀሩ። ማታውኑ ሁለት ቦታ ገልብጡ። የሰው ስም ጠቅሰው ወንጀል ከተናገሩ ያንን ክፍል ለይታችሁ ያዙ፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ።

ጥያቄ (ከጎዛምን)፦ አባቴ በ1989 የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» ተብለው መሬት ተቀነሰባቸው። የገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ከመቀመጥ በቀር ሹመት አልነበራቸውም። ይህ በምን ሕግ ነበር? ወረቀቱስ ይገኛል?

መልስ፦ የአማራ ክልል ዐዋጅ ቁጥር 16/1989 ነው የሚባለው። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን ላይ የነበሩት «ቢሮክራት»፣ በንጉሡ ጊዜ ሹም የነበሩት «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብለው ተመደቡ። ለነሱ ከ4 ጥማድ ማለትም ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲወሰን፣ ለሌላው ጣሪያው 12 ጥማድ ወይም 3 ሄክታር ነበር። ምደባው በየቀበሌው በተመረጡ ሰዎች ስለተሠራ አንዱ ጋ ሊቀ መንበሩ ብቻ፣ ሌላው ጋ የሸንጎ ዳኛ ሁሉ ገብቷል፤ የአባትዎ ጉዳይ ከሁለተኛው ወገን ይመስላል። ደርግን ያወገዘ መንግሥት ሰውን በመደብ ስም የመፈረጅን ልማድ ከደርግ ወርሶ መሬት ላይ ማዋሉ በደል ነበር ብለን እናምናለን፤ ከሽግሽጉ አዲስ መሬት ያገኙ ወጣቶችና ሴቶች መኖራቸው ይህን አይሽረውም።

ወረቀት ለመፈለግ ከወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይጀምሩ። ይዘው የሚሄዱት፦ የአባትዎ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ በ1989 የነበረው የቀበሌ ስም (ከዚያ ወዲህ ቀበሌዎች ስለተቀላቀሉ የዛሬው አይበቃም)፣ ጎጡ፣ ካለም አረንጓዴው የይዞታ ደብተር። ደብተሩ የተሰጠው ከሽግሽጉ ዓመታት በኋላ ስለሆነ የሽግሽጉን ምክንያት አይነግርዎትም፤ የተረፈውን ማሳ ቁጥርና አዋሳኞቹን ግን ይነግራል። በአዋሳኞቹ ስም ተነሥተው የሽግሽጉን መዝገብ ያስፈልጉ፤ የአባትዎ ስም በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ቢሆን እንኳ በጎረቤቶቹ መካከል ያገኙታል። መዝገቡ ከጽሕፈት ቤቱ ከጠፋ በጊዜው የሽግሽግ ኮሚቴ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ቤት የቀረ ቅጂ ሊኖር ይችላል፤ በሽማግሌ በኩል ይጠይቁ።